የመኪና ዘይት ሞልቶ እንጦጦ መውጣት

ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሳይጠይቅ የሚሰጠው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ሽጣት» የሚል ነው፤ ይህን የሚሰጡት እናቶች ናቸው። ሁለተኛው ስለ ዘይት ነው፤ ይህን የሚሰጠው የቀረው ሕዝብ ሁሉ ነው። ሞተር ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ብስክሌት እንኳ ሚዛኑን የማይጠብቅለት ሰው፣ ዘይት ላይ ሲደርስ ፕሮፌሰር ይሆናል።

እኔ ቀበና ነው የምኖረው። ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው። ጫማ፣ መድኃኒት፣ የልደት ኬክ፣ አንድ ጊዜም በሕይወት ያለ ዶሮ በካርቶን አድርጌ የካን ዳገት ለዳገት ስዞር እውላለሁ። ሞተሬ ፈቃድና ወረቀት ያላት፣ ትንሽ ግን ኩሩ ናት። የዘይት መቀየሪያዋ ሲደርስ ማዕዘኑ ላይ አብረውኝ ትዕዛዝ የሚጠብቁትን ሞተረኞች ጠየቅኩ። አንዱ የናፍጣ መኪና ዘይት ካልሆነ ሞተር አይጠግብም አለኝ። ሌላው ሁለት ዓይነት ዘይት መደባለቅ ነው እንጂ መድኃኒቱ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ዘይት ጭራሽ መቀየር የለበትም፣ እንደ ቅቤ ነው፣ ሲቆይ ነው የሚበስለው ብሎ ድርቅ አለ። የሱ ሞተር ያን ጊዜ ጋራዥ ነበረች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥቄ አንዱን ገዝቼ እሄድ ነበር። ያን ሰሞን ግን ሽማግሌ ልልክ ነበር።

የማገባት ልጅ ቤተሰቦች ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ካሉት ቤቶች አንዱ ውስጥ ነው የሚኖሩት። አባቷ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እኔን አይተውኝ አያውቁም። ስለ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረቻቸው ዕለት የተባባሉትን መጥታ ስትነግረኝ እንዲህ አለችኝ፤

«ስምህን አልጠየቀኝም። ‹ምን ይነዳል?› ብቻ ነው ያለው።»

«ምን አልሽው?»

«ሞተር አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ተነስቶ ወጣ።»

እንቅልፍ አጣሁ። ሌላው አባት ዘር ማንዘር ሲቆጥር የሷ አባት መኪና ነው የሚቆጥሩት። ሽማግሌዎቹን እንደምንም ቢቀበሉ እንኳ አንድ ቀን ሞተሬን ማየታቸው፣ አስነሳት ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ስትነሳ ድምጿ እንደ ድመት እንዲሆን፣ እሳቸውም «ይህስ ጠንቃቃ ልጅ ነው» እንዲሉ ፈለግኩ። ከዘይት ሁሉ የመጨረሻውን ምርጥ ዘይት ልሞላላት ማልኩ። ዕድሌ በአንድ ሊትር ዘይት ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝ።

መለዋወጫ ሱቅ ስገባ አንድ ነገር አስልቼ ነው የገባሁት። ለሞተር ሳይክል ነው ካልኩ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር አጎንብሶ አቧራ የጠጣውን ያወጣልኛል። ለመኪና ነው ካልኩ ግን ቀና ብሎ ከላይ ነው የሚያወርደው። በዚህ ከተማ ገዢ ሆኜ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሻጭ ከመዋሸቱ በፊት መዋሸት ነው።

«ለምንድን ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«ለመኪና።»

«ምን መኪና?»

ይህን አላሰብኩበትም። ዞር ስል አንድ የሚያብረቀርቅ መኪና በሱቁ ፊት ሲያልፍ አየሁና «እንደሱ ያለ» አልኩት። ሰውየው መኪናውን አየ፤ ከዚያ ጫማዬን አየ። ከላይኛው መደርደሪያ ወርቃማ ዕቃ አወረደ። ቀጭን ነው፣ የአዲስ መኪና ነው፣ ፍትጊያን ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል እያለ አሞገሰው።

«እዚህ ውስጥ ዝንብ ብትገባ ተንሸራታ ትወጣለች» አለኝ።

«ስጠኝ። ግን የሊትሩን።»

«ለመኪና አንድ ሊትር ምን ይሆንሃል?»

«የቀረው ቤት አለኝ» አልኩት። አንድ ውሸት ሲወጣ ወንድሞቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው።

ቤት ወስጄ በገዛ እጄ ቀየርኩላት። ዕውነት ለመናገር ድምጿ አማረ። ቀበና ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ስዞር ዝም ብላ ትንሸራተታለች፤ ማዕዘኑ ላይ ያሉት ሞተረኞች ዘወር ብለው አዩኝ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ኋላዬን የማይበት አንገት አልነበረኝም።

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት እሑድ ጠዋት ነበር። ሦስት ናቸው። ሁለቱ የሠፈራችን አባቶች ሲሆኑ ሦስተኛው፣ ዋናው ተናጋሪ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ሐጂ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የሠፈራችንን ግማሽ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ እሳቸው ናቸው ሄደው ያጋቡት። አፋቸው ማር ነው፣ ጉልበታቸው ግን ታሟል፤ ሰውነታቸውም እንደ አንድ ጣቃ ጨርቅ አይደለም፣ እንደ ሱቁ ነው። ሁለቱ አባቶች በአንደኛቸው መኪና ማልደው ወጡ። ሐጂ ለቅሶ መድረስ ስለነበረባቸው ጨርሰው በታክሲ እንዲከተሉ ተባለ።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። የእሑድ ሩጫ ነበረ። ቀበና አደባባይ ላይ ሕዝቡ ቁጥር ደረቱ ላይ ለጥፎ ይሮጣል፣ መኪና የለም፣ ታክሲ የለም። ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ጠፋ። በጓሮ በጓሮ አንተው አድርሰኝ።»

በወጉ መሠረት ሽማግሌ ሲሄድ አግቢው ድርሽ አይልም። ሐጂን ከበሩ ራቅ ብዬ አወርድና እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ችግሩ ሄልሜቱ ላይ ጀመረ። ሐጂ ቆባቸውን አላወልቅም አሉ። ቆቡ ላይ ደፋንባቸው፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ፣ እንደ ሞላ ድስት ክዳን። እንደዚያው አድርገን ተነሳን።

እስከ ፈረንሳይ ሠፈር ድረስ ደህና ነበርን። ሐጂ ከኋላዬ ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ሞተሯ ጮኸች። ጋዝ ጨመርኩላት፤ ጩኸቱ ጨመረ፤ እኛ ግን ቀነስን። ማርሽ ቀነስኩ፤ የባሰ ጮኸች፤ የባሰ ዘገየን። ድምፁ የውድድር ነው፣ ፍጥነቱ የቀብር።

የሆነው ምን እንደሆነ አሁን በእርጋታ ልናገር እችላለሁ። መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ ለብቻው በደረቁ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። እንደኔ ባለች ሞተር ላይ ግን የፍሪሲዮኑ ዲስኮች እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። ተነክረውም ቢሆን ግጥም ብለው መያያዝ አለባቸው፤ ካልተያያዙ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም። ለዚህ ነው ለሞተር ሳይክል የሚሆነው ዘይት በልኩ የሚያንሸራትተው። እኔ ደግሞ ዝንብ የሚያንሸራትተውን መርጬ ሞላሁባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ወደ ጠበል የሚወጡ ሰዎች ቢጫ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው በእግራቸው ቀደሙን። ከዘራ የያዙ አንዲት እማሆይ ቀደሙን፤ ሲያልፉም «ያበርታችሁ» አሉን። አንዲት ሴት ቆማ ጩኸቱን አዳመጠችና ለጓደኛዋ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤

«ይኸ ሲጮህ ስሚው! ይኸስ ጠበል ነው የሚገባው።»

«እኔን ነው ሞተሯን?» አሉ ሐጂ ከሄልሜቱ ውስጥ።

ስልኬ ጠራ። የማገባት ልጅ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ሐጂ የት ደረሱ? ሁለቱ ሽማግሌዎች ግቢ መሐል ቆመዋል። አባዬ ተቀመጡ ቢላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ተናገሩ ሲላቸው ደግሞ ተናጋሪያችን አልደረሱም አሉ። በጣም ተቆጥቷል።»

እዚህ ላይ ወጉን የማያውቅ ካለ፣ ሽማግሌ የሰው ቤት ሲሄድ የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ አይበላም፣ አይጠጣም። ሁለቱ አባቶች ደግሞ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። እኔ ታች ሆኜ ጋዝ በሰጠሁ ቁጥር እነሱ ላይ ሆነው እግር እያፈራረቁ ነው።

አንድ ባሕር ዛፍ ሥር አቆምኩ። ከሞተሯ የዕቃ ሳጥን ውስጥ የተረፈውን የዘይት ዕቃ አወጣሁና ስልኬ ላይ ስፈልግ ከላይ የተናገርኩትን ሁሉ አነበብኩ። ለሐጂ ነገርኳቸው። ዕቃውን ተቀብለው አገላበጡት።

«ምን ይላል ጽሑፉ?»

«ፍትጊያን ይቀንሳል ነው የሚለው።»

«ታዲያ ቀነሰ እኮ» አሉ። «ያለውን ነው ያደረገው። ምን ታማርራለህ?»

ልቆጣ ፈልጌ ሣቄ መጣ። ሐጂን በእግር እንዳላስኬዳቸው ጉልበታቸው አይሆንም። ስለዚህ ሐጂ ላይዋ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ከጎን ሆኜ እየገፋሁ፣ እሷም የምትችለውን ያህል እየጮኸች ጉዞ ጀመርን። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ለሠርጌ ያስቀመጥኩት ጉልበት እዚያ ዳገት ላይ አለቀ።

ከላይ አንድ ኮፍያ ያደረጉ፣ ረጅም ካፖርት የለበሱ ሰው ቁልቁል እየተጣደፉ መጡ። አዩንና ቆሙ። ሄልሜት ተደፍቶባቸው እንደ ንጉሥ ከተቀመጡት ሽማግሌ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሞተሯ ተመለከቱ።

«ምን ዓይነት ሥቃይ ነው ይኸ?» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ከኋላ መግፋት ጀመሩ። ማንነታችንን እንኳ አልጠየቁም።

«እግዚአብሔር ይስጥልን አባቴ። ወደ ታች እየሄዱ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«ከቤቴ ሸሽቼ ነው። ሁለት ሽማግሌ ግቢዬ ውስጥ ቆመውብኛል። ዋናው አልመጣም ብለው አይቀመጡ፣ አይናገሩ። አንዱማ እግሩን አንስቶ እንደ ሽመላ ነው የቆመው። እንግዳ ቆሞ እንዴት ልቀመጥ? እኔም ቆምኩ። እኔ ስቆም ሚስቴ ቆመች። ቤቱ ሙሉ ቆሟል። ያ ዋና የተባለው የት እንደገባ ልፈልግ ወጣሁ።»

እጄ መሪው ላይ ደረቀ። ሐጂም ከሄልሜቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሳሉ። የልጅቷ አባት እንደሆኑ ሁለታችንም ገባን፤ እኔ ግን መግፋቴን ቀጠልኩ።

«ለልጄ ነው» ብለው ቀጠሉ እየገፉ። «ልጁ ሞተረኛ ነው አሉ። አይክፋህና አንተም ሞተረኛ ነህ፤ እኔ ግን ሞተረኛ አልወድም።»

«ምነው?» አሉ ሐጂ ከላይ።

«ዕድሜዬን በሙሉ የአሰብን፣ የጅቡቲን መንገድ ነድቼበታለሁ። ያን ጊዜ ስልክ የለ። ሚስቴ በር በሩን ስታይ ነው ያረጀችው። የዘገየሁ ቀን እህል አትቀምስም ነበር። ስገባ ነው የምትበላው። ባልገባ ኖሮስ? ልጄ እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም። ሌላ ነገር የለኝም። ልጁን አላውቀውም፤ ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል።»

እኔ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ሥራዬ ቢጠይቁ፣ ስለ ፈቃዴ ቢጠይቁ፣ ስለ ቤተሰቤ ቢጠይቁ የምመልሰው ነበረኝ። በር በሩን ስለምታይ ሚስት ግን አላሰብኩም ነበር። ላቡ ይሁን ሌላ እንጃ ዓይኔን በክንዴ ጠረግኩ።

«አቁሙ!» አሉ ሐጂ።

አቆምን። ሐጂ እያቃሰቱ ወረዱ። ሄልሜቱን ሊያወልቁ ሞከሩ፤ ቆቡ ነክሶ ያዘው። እኔ ከፊት፣ አባቷ ከኋላ ሆነን ጎተትን፤ ሲወጣ አባቷ ሄልሜቱን ታቅፈው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዱ። ሐጂ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ወንድሜ፣ እዚህ ያመጣን የእግር መንገድ አይደለም፤ ጉዳይ ነው።»

አባቷ አፋቸውን ከፈቱ። «ሐጂ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጎማውን አየሁ። ጎማው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፣ ግን አየሁት።

«በሉ ይውጡ ሐጂ፣ ቤት ደርሰን እንነጋገር» አሉ አባቷ እንደ ምንም ራሳቸውን ገዝተው። «እንገፋዎታለን።»

«አልቀመጥም።»

«ሞተር ላይ እኮ ነው ሐጂ!»

«መቀመጫ መቀመጫ ነው። እስካሁን የተቀመጥኩት ከማን ጋር እንዳለሁ ሳላውቅ ነው። አሁን አውቄያለሁ። ጉዳዬ ሳይመለስ አልቀመጥም።»

«ቤቱ ሩቅ ነው፣ ጉልበትዎ...»

«ጉልበቴ ከኔ ጋር ይቆማል።»

የጠበል ተጓዦቹ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ከበቡን። ቅድም ያለፉን እማሆይ እንኳ ተመልሰው መጡ። ሐጂ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ጎረቤትነታችን፣ በሕፃንነቴ ሱቃቸው ጣቃ ላይ ተኝቼ ስለማደጌ ተናገሩ። ስለ ሞተሯ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያቺ ለጠበል ያጨችን ሴት «ምን ያስቡበታል፣ ይስጧቸው እንጂ!» ብላ ጣልቃ ገባች። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አሏት የልጅቷ አባት።

ወጉ እንደሚፈልገው በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። መክረን እንመልሳለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚባለው። አባቷም ያንን ሊሉ ከንፈራቸውን ሲያዘጋጁ አየሁ። ከዚያ የቀረውን ዳገት አዩ፤ የሐጂን ጉልበት አዩ፤ ሞተሯን ግን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሌላ ቀን ተመለሱ ልል ነበር» አሉ። «በዚች ከሆነ ግን የምትመለሱት፣ እናንተ እስክትደርሱ እኔ የልጅ ልጅ ሳላይ መሞቴ ነው። በሉ ይቀመጡ።»

«ይቀመጡ ማለት እሺ ማለት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ይቀመጡ ማለት ይቀመጡ ነው።»

ሐጂ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«እሺ ማለት ነው! እናቷን ሳላማክር መጨረሻውን አልናገርም እንጂ እሺ ነው። አሁን ይውጡልኝ፣ ሰዎቹ ቆመውብኛል።»

ሐጂ ወጡ። የጠበል ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ግማሹ ሕዝብ ከኋላ ሆኖ ገፋን፤ ሞተሬ በዚያ ዘይት ያን ያህል ፍጥነት ሄዳ አታውቅም።

በሩ ጋ ስንደርስ ወጉን አስታወስኩና ውጭ ቀረሁ። አጥር ተደግፌ ቆሜ የሐጂን ድምፅ ሰማሁ፣ የእናቷን ድምፅ ሰማሁ፣ ብዙ ቆይቶ ወንበሮች ሲጎተቱ ሰማሁ። ተቀመጡ! ከደስታዬ ብዛት አጥሩ ላይ ግንባሬን አስደግፌ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሣቅኩ።

ምግብ ሲቀርብ ይመስለኛል፣ አባቷ ብቻቸውን ወጥተው መጡ። ሞተሯን ዙሪያዋን ዞሩ፤ አስነሳት ግን አላሉኝም።

«ቁልቁለቱን በእርጋታ፣ ፍሬን ላይ ሆነህ ውረድ። ሽማግሌዎቹን መንገዱ ሲከፈት እናደርሳቸዋለን። ዘይቱን ዛሬውኑ ቀይር።»

«እሺ አባቴ።»

«ስልክህን አምጣ።» ተቀብለውኝ በአንድ ጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ቁጥራቸውን ጻፉ። «ስትገባ ደውል። ለሷ አይደለም። ለኔ።»

ቁልቁለቱን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ወረድኩ። ጠበል ጨርሰው የሚመለሱት ሰዎች እንደገና ቀደሙኝ፤ ይህን ጊዜ ግን እኔው ፈቅጄ ነው። ቀበና ደርሼ ሞተሯን ደጃፌ ላይ አቆምኩና ሄልሜቴን ሳላወልቅ ደወልኩ። አንድ ጊዜ ጠርቶ እንኳ ሳይጨርስ አነሱት።

«ገባህ?»

«ገባሁ።»

ከኋላቸው የሽማግሌዎቹ ሣቅና የሳህን ድምፅ ይሰማኛል።

«ጥሩ» አሉኝ። «በል እንግዲህ፣ እኔም ሄጄ ልብላ።»